15 ሺህ ብሩን አትክፈዪ፤ ስለ ጾም ምግብ ብሎግሽ ለጠየቅሽው

እህቴ፣ ጥያቄሽን በደንብ አነበብኩት። የጾም ምግብ ብሎግ ከከፈትሽ ሦስት ወር አለፈ። ሃያ የሚሆን ጽሑፍ አለሽ። ከቴሌግራም ሰው ይመጣል፣ ከጎግል ግን አንድም የለም። አንድ ሰው ደግሞ «15 ሺህ ብር ክፈዪኝ፣ በአንድ ወር ጎግል አንደኛ ገጽ ላይ አወጣሻለሁ» ብሎሻል። ልክፈል ወይስ ልተው ነው የምትዪው።

አትክፈዪ። ቀብድም አትስጪው። ምክንያቱን ልዘርዝርልሽ። ይረዝማል፤ ግን እኔ የሚነግረኝ ሰው አጥቼ ያፈሰስኩትን ገንዘብ አንቺም እንድታፈስሺው አልፈልግም።

እኔ ያለኝ የዶሮ እርባታ ብሎግ ነው። የምኖረው ቢሾፍቱ ነው። ዛሬ አብዛኛው አንባቢዬ የሚመጣው ከጎግል ነው፣ ያውም በአማርኛ ጽፎ እየፈለገ። «በአማርኛ ጽፈሽ ጎግል ላይ አትወጪም» የሚልሽን ሰው አትስሚው። በእንግሊዝኛ ብትጽፊ የምትወዳደሪው ከዓለም ጋር ነው። በአማርኛ ግን የተልባ ፍትፍት አሰራርን መጠኑን ለክቶ፣ ደረጃ በደረጃ፣ በራሱ ፎቶ የጻፈ ስንት ሰው አለ? ቦታው ገና ባዶ ነው።

ብሎግ እንዴት ይከፈታል የሚለውን እዘለዋለሁ፤ ያንን አልፈሽዋል። ወደ ዋናው ልግባ።

1. መጀመሪያ ጎግል ብሎግሽን መዝግቦት እንደሆነ እዪ። ጎግል መፈለጊያው ላይ ሳይት የሚለውን ቃል በእንግሊዝኛ ጻፊ፣ ሁለት ነጥብ አድርጊ፣ ከዚያ ቦታ ሳትተዪ የብሎግሽን አድራሻ አስከትዪ። ጽሑፎችሽ ተዘርዝረው ከመጡ ተመዝግበዋል። ምንም ካልመጣ ችግሩ ያለው አጻጻፍሽ ላይ ላይሆን ይችላል፤ በሩ ተዘግቶ ይሆናል። ዎርድፕረስ የምትጠቀሚ ከሆነ ዳሽቦርድሽ ውስጥ ሴቲንግስ፣ ከዚያ ሪዲንግ የሚለው ውስጥ ግቢ። ታች ላይ አንድ ትንሽ ሳጥን አለች። ሰርች ኢንጂኖች ይህን ሳይት እንዳይመዘግቡ የምትጠይቅ ሳጥን ናት። ራይት ገብቶባት ከሆነ አሁኑኑ አንሺውና ሴቭ አድርጊ።

ይህችን ሳጥን ከሁሉም ያስቀደምኩት ያለ ምክንያት አይደለም። የእኔን ጉድ ስሚ።

ብሎጉን ስጀምር የዶላር ካርድ አልነበረኝም። ብዙዎቻችን የለንም። ዶሜይን፣ ማለትም የሳይቱ አድራሻ ስም፣ በአብዛኛው የሚገዛው በዶላር ነው፣ ሳይቱ የሚቀመጥበት ሆስቲንግም እንደዚያው። ስለዚህ አዲስ አበባ ያለ አንድ ድርጅት ጋ ሄድኩ። አራተኛ ፎቅ ላይ፣ የመስታወት በር ያለው፣ ግድግዳው ላይ የጎግል አርማ የተለጠፈበት ቢሮ ነው። ሳይቱን ሠሩልኝ፣ ዶሜይኑንም ገዙልኝ። ደረሰኙ ላይ የተጻፈው «የዌብሳይት አገልግሎት» የሚል ብቻ ነበር። ይህን ደረሰኝ ልብ በዪልኝ፣ እመለስበታለሁ።

ከዚያ መጻፍ ጀመርኩ። የመኖ አዘገጃጀት፣ የጫጩት ማሞቂያ፣ የክትባት ፕሮግራም። ሌሊት ሌሊት ነበር የምጽፈው፣ ቀን ዶሮዎቹ ጋ ነኝ። ወራት አለፉ፣ ከጎግል አንድ ሰው አልመጣም። ስደውልላቸው «ጎግል አማርኛ በደንብ አያነብም፣ የኤስኢኦ ፓኬጅ ያስፈልግሃል» አሉኝ፤ ኤስኢኦ የሚሉት ሳይት ጎግል ፍለጋ ላይ ከፍ ብሎ እንዲታይ የማድረግ ሥራ ነው። በየወሩ የሚከፈል። ከፈልኩ። በየወሩ መጨረሻ ባለ ቀለም ግራፍ ያለው ፒዲኤፍ ይልኩልኛል፣ «በዚህ ወር ይህን ያህል ባክሊንክ ሠርተንልሃል» የሚል፤ ከሌላ ሳይት ወደ እኔ ሳይት የሚያመጣ ሊንክ ማለት ነው። ሊንኮቹን ከፍቼ ሳይ የውጭ አገር የቁማር ሳይቶችና ማንም የማያነባቸው የአስተያየት ገጾች ናቸው። የዶሮ መኖ ጽሑፍ ከቁማር ጋር ምን አገናኘው? ብዬ ስጠይቅ ሥራ አስኪያጁ ዓይኑን ከስልኩ ሳያነሳ «አንተ የምታውቀው ስለ ዶሮ ነው፣ ይሄን ለእኛ ተወው» አለኝ። ሰው ፊት ነው ያለኝ። ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ።

ሳጥኗን ያገኘልኝ የጎረቤቴ ልጅ ነው፣ ኮምፒውተር ሳይንስ ይማር ነበር። ዳሽቦርዱን ከፈተ፣ ሪዲንግ ውስጥ ገባ፣ «ጋሼ፣ ይሄኮ ጎግልን አትግባ እያለው ነው» አለኝ። ሳይት የሚሠሩ ሰዎች ሥራው እስኪያልቅ ሳጥኗን ራይት ያደርጉባታል፣ ይህ የታወቀ አሠራር ነው። ሲያስረክቡ ማንሳት ግን ግዴታቸው ነው። እነሱ አላነሱም። ዘግተውብኝ ሲያበቁ ለምን አልተከፈተም እያሉ በየወሩ አስከፈሉኝ። ልጁ ሳጥኗን ባነሳ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ጽሑፎቼ ጎግል ላይ መታየት ጀመሩ። ባክሊንክ አልተጨመረ፣ ገንዘብ አልተከፈለ።

በቃ ልለያቸው ብዬ ዶሜይኔን እንዲያስተላልፉልኝ ጠየቅኩ። ለካ የተመዘገበው በእነሱ ስምና በእነሱ ኢሜይል ነው። «ዶሜይኑ የእኛ ነው፣ ያንተ ነው የሚል ውል ካለህ አምጣ» አሉኝ። ደረሰኙ ላይ ዶሜይን የሚል ቃል የለም። ስመላለስ ከረምኩ። እንግዳ ተቀባይዋ «ስብሰባ ላይ ናቸው» ትለኛለች፣ በመስታወቱ በር ሰውዬው ቁጭ ብሎ ይታየኛል። በመጨረሻ ትቼው አዲስ ዶሜይን ገዛሁ። አንድ ሳይት አድራሻ ሲቀይር ከድሮው ወደ አዲሱ ቋሚ ማስተላለፊያ ይደረጋል፣ 301 ይባላል፤ ጎግል በድሮው አድራሻ የሰጠሽን ቦታ ወደ አዲሱ የሚያሻግረው በዚያ ነው። የድሮው ዶሜይን በእጄ ስላልነበረ ያንን እንኳ ማድረግ አልቻልኩም። ከዜሮ ጀመርኩ። የድሮው ዶሜይን ኋላ ላይ ሳይታደስ ቀረና ሌላ ሰው ገዛው። አሁን በማላውቀው ቋንቋ የውርርድ ማስታወቂያ ይታይበታል።

ስለዚህ 2. ዶሜይንሽ በማን ስም እንደሆነ ዛሬውኑ አረጋግጪ። አንቺም እንደ እኔ በሰው በኩል እንዳስገዛሽው እገምታለሁ። የዶሜይኑ አካውንት በአንቺ ኢሜይል መከፈት አለበት፣ ፓስወርዱም አንቺ ጋ ብቻ መሆን አለበት። ውጭ አገር ያለ ወንድምሽ ወይም አክስትሽ በካርዳቸው ቢከፍሉልሽ ችግር የለውም፤ ከፋይና ባለቤት የተለያዩ ናቸው። የዶት ኮም ዶሜይን በዓመት ከ10 እስከ 20 ዶላር ግድም ነው፣ የሚያስፈራ ገንዘብ አይደለም። በሌላ ሰው እጅ ካለ ሳትጣሉ፣ በሰላሙ ጊዜ፣ የዝውውር ኮድ እንዲሰጥሽ ጠይቂ። አዲስ የተመዘገበ ዶሜይን በመጀመሪያዎቹ 60 ቀናት ወደ ሌላ ሻጭ አይዘዋወርም፣ «አሁን አይቻልም» ካሉሽ መጀመሪያ ይህን አጣሪ። እና ደረሰኝ ስትቀበዪ የዶሜይኑ ስም ተጽፎ «ባለቤትነቱ የደንበኛው ነው» የሚል ይኑርበት። አንድ መስመር ናት። ለእኔ ያች መስመር ብትኖር ኖሮ ዛሬ ሌላ ቦታ ነበርኩ።

3. «አንደኛ ገጽ አወጣሻለሁ» ስላለሽ ሰው። ጎግል ራሱ ለሳይት ባለቤቶች ባዘጋጀው መመሪያ ላይ ማንም ሰው አንደኛ ደረጃን ዋስትና ሰጥቶ መሸጥ እንደማይችል በግልጽ ጽፏል። ከማስታወቂያ በስተቀር ከፍሎ የሚገባበት መንገድ የለም፤ ማስታወቂያ ደግሞ ማስታወቂያ የሚል ምልክት አለው፣ ገንዘቡ ሲያልቅ ይጠፋል። ባክሊንክ መግዛት ከጎግል ደንብ ውጪ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 ፔንግዊን የሚባለውን ማሻሻያ ካወጡ ጀምሮ የተገዛ ሊንክ ቢያንስ ዋጋ ቢስ ይሆናል፣ ከባሰም ቅጣት ያመጣል። ሰውዬው «ኪወርድ ታግ አስገባልሻለሁ» (በገጹ ኮድ ውስጥ የሚገባ የቃላት ዝርዝር ነው) ካለሽ ደግሞ ጎግል ያንን ታግ ለደረጃ እንደማይጠቀምበት ያስታወቀው እ.ኤ.አ. በ2009 እንደሆነ ንገሪው። ፊቱን እዪው።

አሁን ገንዘብ የማይጠይቀውን ልንገርሽ። እኔን ያወጣኝም ይህ ነው።

ጎግል ሰርች ኮንሶልን፣ ሳይትሽ ጎግል ላይ እንዴት እንደሚታይ የሚያሳይሽን የጎግል መሣሪያ፣ ክፈቺ። ነጻ ነው። ብሎግሽን አረጋግጪና ሳይትማፑን፣ ማለትም የገጾችሽን ዝርዝር ፋይል፣ አስገቢ፤ ዎርድፕረስ እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ ሳይትማፕ በራሱ ያዘጋጃል፣ ለዚህ ማንም እንዳያስከፍልሽ። ሳይትሽን ሌላ ሰው ቢሠራልሽም ሰርች ኮንሶሉ በአንቺ ጂሜይል ይሁን። ከዚያ ፐርፎርማንስ የሚለውን ገጽ በየሳምንቱ እዪ። ሰው ምን ብሎ ጽፎ እንዳገኘሽ በራሱ ቃል ይነግርሻል። ለእኔ ይህ ገጽ ትምህርት ቤት ሆነኝ።

ምሳሌ ልስጥሽ። ስለ ኒውካስል በሽታ አንድ ጽሑፍ ነበረኝ፣ ርዕሱ «የኒውካስል በሽታ መንስኤና መከላከያ» የሚል። ማንም አይከፍተውም። ሰርች ኮንሶል ላይ ግን ሰው የሚጽፈው «ዶሮ አንገቷ ተጣመመ»፣ «ዶሮ አረንጓዴ ኩስ»፣ «ፈንግል መድኃኒት» ነው። ልክ ነው እኮ! ዶሮው ሊሞትበት የደረሰ ሰው የበሽታውን የሳይንስ ስም ከየት ያመጣል? ያየውን ነው የሚጽፈው። ርዕሱን «ዶሮ አንገቷ ሲጣመምና አረንጓዴ ኩስ ሲኖራት፦ የፈንግል በሽታ» አልኩት። መግቢያውንም በምልክቶቹ ጀመርኩት። መድኃኒት እንደሌለው፣ መፍትሔው ክትባት እንደሆነ ከላይ አስቀመጥኩ። ዛሬ ከብሎጌ በብዛት የሚነበበው ጽሑፍ እሱ ነው። ዶሮ ብቻ ነው የምታውቀው ያለኝ ሰውዬ ይህን በየትኛው ፓኬጁ ያገኘው ነበር? ዶሮ የሚያውቅ ሰው ብቻ ነው የሚያገኘው። አንቺም ወጥ ቤቱን የምታውቂው አንቺ ነሽ።

የአንቺን ርዕሶች አየኋቸው። «ጣት የሚያስቆረጥም የጾም ምግብ» የሚል አለሽ። ያምራል፣ ግን ማንም እንዲህ ብሎ አይፈልግም። ሰው የሚጽፈው «የጾም ሽሮ አሰራር»፣ «እንጀራ ዓይን እንዲያወጣ»፣ «ሽሮ እንዳይጓጉል» ብሎ ነው። የምግቡ ስም ከርዕሱ መጀመሪያ ይሁን። ጣት ማስቆረጡን ውስጥ ገብተሽ ንገሪያቸው።

ቀጥሎ የምነግርሽን የትኛውም የእንግሊዝኛ ኤስኢኦ ቪዲዮ አይነግርሽም፣ የእኛ ብቻ ችግር ስለሆነ። ዓሣ የሚለውን ቃል ሰው በአራት ዓይነት ይጽፈዋል፤ ዓሣ፣ ዓሳ፣ አሣ፣ አሳ። ጾም እና ፆም። ሥጋ እና ስጋ። አሠራር እና አሰራር። ስልክ ላይ ሰው የሚጽፈው እጁ የቀለለውን ነው እንጂ የፊደሉን ሥርዓት አይደለም። ሁለቱን አጻጻፍ ጎግል ላይ ፈልገሽ ውጤቱን አወዳድሪ፣ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት አይመጣልሽም። እኔ የማደርገው እንዲህ ነው። ርዕሱ ላይ ሰርች ኮንሶል በብዛት የሚያሳየኝን አጻጻፍ አደርጋለሁ። ሌላውን አጻጻፍ ጽሑፉ ውስጥ፣ ንዑስ ርዕስ ላይ ወይም የፎቶው መግለጫ ላይ አንድ ጊዜ አስገባዋለሁ። አራቱንም አሥር አሥር ጊዜ አትደርድሪ፤ ጎግል የቃል መደጋገምን እንደ ማጭበርበር ነው የሚቆጥረው፣ አንባቢም ይሰለቸዋል። ትክክለኛው ፊደል ይከበር የሚሉ ሰዎች አስተያየት መስጫው ላይ ይቆጡሻል። እኔም ፊደሉ ቢከበር ደስ ይለኛል፤ ግን ጽሑፉ መጀመሪያ ለሚፈልገው ሰው መድረስ አለበት።

ሌላው አማርኛን በእንግሊዝኛ ፊደል የሚጽፉት ናቸው። አሜሪካና አረብ አገር ያሉ ወገኖቻችን ብዙዎቹ ስልካቸው ላይ የአማርኛ ኪቦርድ የላቸውም፣ ምስር ወጥን በላቲን ፊደል ጽፈው ነው የሚፈልጉት። ለእነሱ ሊንኩ ላይ፣ ማለትም የጽሑፉ አድራሻ ላይ፣ ቦታ አለሽ። ዎርድፕረስ ሊንኩን ከርዕስሽ ወስዶ በአማርኛ ያደርገዋል፤ ያንን በእጅሽ ቀይሪና በላቲን ፊደል አጠር አድርጊው። ጎግል የአማርኛ ሊንክ ያነባል፣ ችግሩ ሌላ ነው። አንድ የግዕዝ ፊደል ሊንክ ውስጥ ሲገባ ወደ ዘጠኝ ምልክት ይለወጣል። «የጾም ምግብ አሰራር» አሥር ፊደል ነው፣ ቴሌግራም ላይ ስትለጥፊው የፐርሰንት ምልክትና ቁጥር የተደበላለቀበት ዘጠና ምልክት ይሆናል። ሰው ቫይረስ መስሎት አይነካውም። ዎርድፕረስም ከ200 ምልክት በላይ ስለማይዝ ከ22 ፊደል ግድም በኋላ ይቆርጠዋል። ይህን የምታደርጊው ግን ለአዳዲስ ጽሑፎች ነው። ቀድሞ የተመዘገበ ሊንክ ካለሽ ማስተላለፊያ ሳታደርጊ አትቀይሪው።

ፎቶ ላይ ጽሑፍ ስለምትጽፊው። ቴሌግራም ላይ የምትለጥፊውን የሚያምር ካርድ፣ ግብዓቱና አሠራሩ በሙሉ ምስሉ ላይ የተጻፈበትን፣ ብሎግሽም ላይ እንዳለ ነው የለጠፍሽው። ከሥሩ አንድ መስመር ጽሑፍ የለም። ጎግል ደረጃ የሚሰጠው በዋናነት በጽሑፍ ለተጻፈው ነው። ግብዓቱን በጽሑፍ ዘርዝሪ፣ ካርዱ ተጨማሪ ይሁን። ከስልክ የወጣ ፎቶ አራት አምስት ሜጋባይት ይሆናል፤ ወደ 150 ኪሎባይት ገደማ አሳንሺው፣ አንባቢሽ ካርድ ሞልቶ ነው የሚያነብሽ። ጎግልም ሳይትሽን የሚመዝነው በስልክ በሚታይበት መልኩ ነው። ከድሮ ኮምፒውተር ያገኘሽው በቪዡዋል ግዕዝ ወይም በፓወር ግዕዝ የተጻፈ ፋይል ካለም ኮፒ ስታደርጊ የተበላሸ የእንግሊዝኛ ፊደል ይሆንብሻል፤ ወደ ዩኒኮድ፣ ማለትም ኢንተርኔት ወደሚያነበው የፊደል ሥርዓት፣ መለወጥ ወይም እንደገና በዩኒኮድ መጻፍ ነው።

የእንግሊዝኛ የምግብ ሳይት በትርጉም መሣሪያ ገልብጦ መቶ ጽሑፍ መሙላት የሚባል ምክርም ይመጣልሻል። አንባቢን የማይጠቅም ጽሑፍ በገፍ ማምረት እ.ኤ.አ. ከመጋቢት 2024 ጀምሮ በጎግል ደንብ ላይ በግልጽ ተከልክሏል። ደግሞስ የበርበሬን መጠን ትርጉም መሣሪያ ከየት ያውቀዋል?

አንቺ ከእኔ የምትበልጪበት አንድ ነገር አለ። የዶሮ ጥያቄ ዓመቱን ሙሉ ነው፣ የአንቺ ግን በጾም ነው የሚያብጠው። ሁዳዴ 55 ቀን ነው። ፍልሰታ ከነሐሴ 1 ጀምሮ ነው፣ የገና ጾም ከኅዳር 15። ጾሙ የገባ ዕለት ብትለጥፊ ጎግል እስኪመዘግብሽና ቦታ እስኪሰጥሽ ጾሙ ይፈታል። ሁለት ወር ቀድመሽ አውጪ። እና በየዓመቱ አዲስ ገጽ አትክፈቺ። «የሁዳዴ ጾም የ55 ቀን የምግብ ዝርዝር» የሚል አንድ ገጽ ይኑርሽ፣ ዓመተ ምሕረት ሊንኩ ላይ አታስገቢ፣ በየዓመቱ እሱኑ አድሺው። ያጠራቀመው ቦታ ይዞልሽ ይቀጥላል።

ከሃያው ጽሑፍሽ ውስጥ አምስቱን ምረጪና በዚህ ሳምንት ርዕሳቸውን አስተካክዪ። እርስ በርሳቸውም አገናኚያቸው፤ የሽሮው ጽሑፍ ውስጥ ወደ እንጀራው ሊንክ ይኑር፣ እንጀራው ውስጥ ወደ እርሾው። ሰርች ኮንሶል ሳይትማፑን ከተቀበለ በኋላ «ተገኝቷል ግን አልተመዘገበም» የሚል ቢያሳይሽ አትደንግጪ፣ አዲስ ብሎግ ላይ የተለመደ ነው። ወር አልፎትም ካልተለወጠ ስክሪንሹቱን ኢሜይልሽን ሸፍነሽ እዚሁ ከሥር ለጥፊው፣ አየዋለሁ።